ከመስታወት የጠጡት አሥራ አንዱ

በምርምር ተቋሙ የእንስሳት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ሰው ሁሉ የሚያውቃት «የአይጥ እናት» በሚለው ቅጽል ስሟ ነበር። ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው። ሲጀምረው ሊያበሽቃት ብሎ ነበር፤ እሷ ግን «የኔዎቹ ቢያንስ ጥርሳቸውን የሚያሳዩት ሲርባቸው ብቻ ነው» ብላ ስለመለሰችለት ስሙ ጸንቶ ብሽሽቁ ቀረ።

በየጠዋቱ የሁለት መቶ ሳጥን ሰጋቱራ ትቀይራለች፣ መኖ ትሰፍራለች፣ የውሃ ጠርሙሶቹን አጥባ በእንፋሎት ማሽኑ ቀቅላ ትመልሳለች፣ የሞተ ካለ መዝግባ ታወጣለች። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ሆኖም አንዲት አይጥ ልትታመም ሁለት ቀን ሲቀራት ታውቅባታለች፤ ከጀርባዋ ፀጉር አቋቋም፣ ከአካሄዷ፣ ከምኑም ከምኑም። ተመራማሪዎቹ ሚዛን ላይ አስቀምጠው የሚያገኙትን ክብደት እሷ መዳፏ ላይ አድርጋ ትናገር ነበርና ለጨዋታ የሚወራረዱባት ነበሩ። የተወራረደባት ሁሉ ተበላ።

ተቋሙ ውስጥ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሳ ሳጥን ሳጥኑን እያየች የምትጽፈው፣ የአይጦቹ ሁሉ አዛዥ የሆነችው ዶክተር የእናቷ ልጅ ናት።

እናታቸው ስትሞት ታላቋ አሥራ አራት፣ ታናሿ አራት ዓመቷ ነበር። አባት የሚባለው ቀደም ብሎ ሌላ ቤት መሥርቷል። ታላቋ ደብተሯን አስቀምጣ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ሆና ገባች። በፈላ ውሃና በበረኪና እጇ እየተላጠ፣ የዳነው መልሶ እየተላጠ፣ ታናሿን አበላች፣ አለበሰች፣ አስተማረች። ባል ጠይቋት ነበር፤ «ልጅቷን ምን ልናደርጋት ነው?» ሲላት የመለሰችለት በሩን በማሳየት ነው። ታናሿ ባሕር ማዶ ተምራ ዶክተር ተብላ ስትመለስ ከልብስ ማጠቢያው አውጥታ እንስሳት ቤቱ አስገባቻት። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት።

«እታለም፣ እዚያ እህትማማች መሆናችንን ማንም እንዳያውቅ። ዘመድ ቀጠረች ይሉኛል።»

ታላቋ ምን ቸገረኝ አለች። አንድ ቤት እየኖሩ ጠዋት ጠዋት በተለያየ አውቶቡስ መሄድ ጀመሩ። ቤት ውስጥ «እታለም» የምትላት ልጅ ሥራ ላይ «ስሚ» ትላታለች። አንድ ቀን እራት ላይ፣ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለውን ተረት ብትተርትባት፣ ታናሿ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ደስ ስለሚላት ታላቋም አብራ ሳቀች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ዶክተሯ የምታጠናው ከፕላስቲክ ወደ ውሃና ወደ ምግብ የሚወጣ አንድ ኬሚካል ነበር። ፕላስቲኩን ጥርት የሚያደርገውና የሚያጠነክረው እሱ ነው፤ የሕፃናት ጡጦ ውስጥ ሳይቀር አለ። ጥቂት ጥቂት እያለ እንደሚለቅ፣ ሲሞቅማ እንደሚብስበት የሚክድ የለም። ሳይንቲስቶቹ ጎራ ለይተው የሚሟገቱት «ያ ጥቂት ይጎዳል ወይ?» በሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን የሚታዘዘው ከዚያ ባነሰ ጠብታ ነውና ጥቂቱም ይጎዳል፣ በተለይ ገና ማህፀን ውስጥ ያለውን ይጎዳል ይላል። ሌላው ወገን፣ ሰውነት ጥቂቱን አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል፣ ሕዝብ አታስደንግጡ ባይ ነው።

የሁለተኛው ወገን አውራ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ነበሩ። ንግግራቸውን ሁሉ «መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው» ብለው ስለሚጀምሩ ተማሪዎቻቸው «አባ መጠን» ይሏቸዋል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲሰድቡ እንኳ የሚመርቁ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ዶክተሯን ያስተማሯትም፣ ባሕር ማዶ የላኳትም እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ሙከራ እርጉዝ አይጦች ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠጣል፤ ሁለተኛው ኬሚካሉ እጅግ በጥቂቱ ጠብ የተደረገበት ውሃ፤ ሦስተኛው ብዙ የተጨመረበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ታላቋ አታውቅም፤ ሳጥኖቹ ላይ ያለው የቀለም ምልክት ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ግን ታናሿን ጠብቃ፣ የቢጫዎቹ ሴት ልጆች ቸኩለዋል አለቻት። ገና ጡት በጣሉ ማግሥት ወንድ መፈለግ ጀምረዋል፤ ሰማያዊዎቹና ነጮቹ ደህና ናቸው። ዶክተሯ መዝገቧን ገልጣ ብታየው ቢጫ ማለት ጥቂት የጠጡት ናቸው። በኋላ ሲያረግዙም ከሁለት እርግዝና አንዱ ይጨነግፍባቸው ጀመር። ትንሹ መጠን ከትልቁ ብሶ ተገኘ።

ጽሑፉ ሲወጣ አገር ተናወጠ። እናቶች ጡጦ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወረወሩ፤ ፋብሪካዎቹ ጠበቃ ጠሩ። የዶክተሯ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ታላቋ ቆርጣ የልብስ ሳጥኗ ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፈችው፤ ከውጭ መለጠፍ አይቻልማ።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አባ መጠን ሆኑ። በመጀመሪያው ስብሰባ ተማሪያቸውን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ልጄ ጎበዝ ናት፣ ጎበዝ ልጅ ግን ያማራትን ታያለች አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ፣ ሙከራው እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ በኮሚቴው ክትትል ይደገም ተባለ። ሳጥኑም መኖውም ጠርሙሱም አዲስ ተገዝቶ ይቀርባል። መመሪያው ላይ ጠርሙሱ መስታወት ይሁን የሚል ተጽፏል፤ የሚጠናው ፕላስቲክ ስለሆነ ሌላ ፕላስቲክ ከውሃው ጋር እንዳይነካካ።

ዕቃው በመጣበት ጠዋት ዶክተሯ ግቢው ውስጥ ቆማ በስልክ ለጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ ትሰጥ ነበር። ሹፌሩ የርክክብ ወረቀቱን ሲዘረጋላት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ መኪናው አፍንጫ ላይ አስደግፋ ፈረመች። አላነበበችውም።

ታላቋ ካርቶኖቹን ስትከፍት ጠርሙሶቹ ከእጇ ላይ ሊበሩ ደረሱ። ቀላል ናቸው፤ ጥርት ያሉ፣ ግን ጥፍሯን ብትጭርባቸው የሚጫሩ። አንዱን ይዛ ወደ ቢሮ ወጣች። ዶክተሯ ከሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ጋር ነበረች።

«ይኼ እኮ ፕላስቲክ ነው» አለች ታላቋ። «መስታወት አልነበር እንዴ የተባለው?»

ወጣቶቹ ተያዩና ፈገግ አሉ። በሰጋቱራ የተለወሰ ጫማ ምንጣፉ ላይ ቆሟል። ዶክተሯ ቀና ሳትል መለሰችላት።

«ስሚ፣ የተላከልሽን ተጠቀሚ። ዝርዝሩን ለኛ ተይው።»

ታላቋ ማታ ቤት ልታነሳባት አስባ ነበር። ታናሿ ደክሟት ስለገባች ግን ምግቧን አቅርባ፣ የሚያውቅ ያውቀዋል ብላ ተወችው። በማግሥቱ አዲሶቹን ጠርሙሶች አጥባ፣ በእንፋሎት ቀቅላ፣ ለሦስቱም ቡድን አስገባች። በየቀኑም ቀቀለቻቸው፤ ወር ሳይሞላቸው ጥራታቸው ጠፍቶ ጉም የለበሱ መሰሉ።

ከሙከራው የተረፉ አሥራ አንድ እንስት አይጦች በጓሮው ክፍል ነበሩ። ለመጠባበቂያ ተብለው የቀሩ፣ ኋላም ከመዝገብ የወጡ ናቸው። አዲሱ ጠርሙስ ለነሱ ስላልበቃ ታላቋ ከዕቃ ቤት በመጀመሪያው ሙከራ ያገለገሉትን የድሮዎቹን መስታወቶች አውጥታ ሰጠቻቸው። ብልሃት አስባ አይደለም፤ ውሃ ሊጠጡ ስለሚገባ ነው።

የሁለተኛው ሙከራ ውጤት ሲደመር በሦስቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ጠፋ። ንጹሕ ውሃ የጠጡትም፣ ጥቂት የጠጡትም፣ ብዙ የጠጡትም አንድ ሆኑ። ዶክተሯ ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ ደመረቻቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲወጣ እንስሳት ቤት ገብታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች፤ ስም የለኝም፣ አለቀልኝ፣ አባ መጠን ትክክል ነበሩ ማለት ነው እያለች ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ልዩነት የጠፋው እኮ ማንም ስላልታመመ አይደለም» አለች ታላቋ። «ሁሉም ስለታመሙ ነው። ንጹሕ ይጠጣሉ የምትያቸውም ቸኩለዋል። ነይማ።»

እጇን ይዛ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰደቻት። አሥራ አንዱ በሦስት ሳጥን ተኝተዋል፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሳምንት የተወለዱ ናቸው። ዶክተሯ አንድ በአንድ እያነሳች አገላብጣ አየቻቸው። አንዷም አልቸኮለችም። ከዚያ ከሳጥኑ ላይ የተደፋውን ጠርሙስ አየች፤ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። መስታወት ነው። ወደ ትልቁ ክፍል ሮጣ ከዚያኛው አንዱን ነቅላ መታችው። ድምፅ የለውም።

ተመልሳ መጥታ ያንን በበረኪና የተላጠ የታላቋን እጅ ሳመችው። ማነጻጸሪያ የተባሉት አይጦች ኬሚካሉን ከጠርሙሳቸው ሲጠጡ ኖረዋል ማለት ነው፤ የእንፋሎቱ ሙቀት አውጥቶላቸው፣ በዚያች በጥቂቷ መጠን። ይህ ውጤት ከመጀመሪያውም የበለጠ ነው። ዶክተሯ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደ ልጅነቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አውቶቡስ ወደ ቤት ሄዱ።

እሑድ ጠዋት ግን አባ መጠን ዶክተሯን ቤታቸው አስጠሯት። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ኩሽና ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና ለታላቋ ነገረቻት። የርክክብ ወረቀቱ እሳቸው እጅ ነው። ወረቀቱ ላይ፣ መስታወት ባለመገኘቱ በፕላስቲክ ተተክቷል፣ ተመራማሪዋ አይታ ተስማምታለች ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዋ አለ። ዓለምን ከፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠንቀቁ ያለች ሴት የራሷን አይጦች በፕላስቲክ ጠርሙስ አጠጣች ሲባል፣ ከዚያ በኋላ የምትናገረውን ማን ይሰማል?

«አንድ መንገድ አለ» አለች። አይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። «ጠርሙሱን በራስሽ የቀየርሽው አንቺ ነሽ ብትይ ወረቀቱን አያወጡትም። እኔ አላወቅኩም ማለት ነው። የሠራተኛ ስህተት ይባልና ሦስተኛ ሙከራ ይፈቀድልኛል። እታለም፣ ሦስተኛውን በመስታወት እሠራዋለሁ።»

ታላቋ ውሃ ጥዳ ነበር፤ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ ዝም ብላ አየችው። ለዚህች ልጅ ያልሰጠችው ምን ቀርቷት ነው? ስም ነው የቀራት፤ እሱም ቢሆን የአይጥ እናት የሚል ነው። እሺ አለች። እስኪመሽ ቁጭ ብለው የምትለውን አጠኑ፤ መስታወቱ እየተሰበረ ስላስቸገረኝ ነው ትላለች። በአሥራ ሁለት ዓመት የሰበረችው ሦስት ብቻ ነው። ከሁሉ ያንገበገባት ይህች ነበረች።

ሊተኙ ሲሉ ዶክተሯ ሌላ ነገር አነሳች። ነገ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው እንስሳት ቤቱን ያያል። ከመዝገብ የወጡ አይጦች ከተገኙ ሁለተኛ ጥፋት ይሆንብናል። በሦስተኛው ሙከራ አሥራ አንድ ሳይሆን መቶ አሥራ አንድ ይኖረናል።

«ታዲያ አንቺ አታስወግጃቸውም?» አለች ታላቋ።

«እኔ አልችልም። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ሰኞ ጠዋት አይጦች የሚወገዱበትን የጋዝ ሳጥን ከፈተችው። እንደ ደንቡ ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክተት ይቻላል፤ እሷ ግን አንዷን ከሌላዋ ለይታ ነው የከተተቻቸው፤ እርስ በርስ ሲረጋገጡ እንዳይፈሩ። እጇን ስለለመዱ አንዳቸውም አልሸሹም። ሰባተኛዋ መዳፏ ላይ ተቀምጣ ጢሟን ስታብስ ጠበቀቻት፤ አብሳ ስትጨርስ ክዳኑን ከደነች። አሥራ አንዱን በከረጢት አድርጋ ወደ ማቃጠያው ወሰደቻቸው። መስታወቶቹን አጥባ ዕቃ ቤት መለሰች። ከሰዓት በኋላ የመጡት የኮሚቴ አባላት የጓሮውን ክፍል ከፍተው አላዩትም፤ በር ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ።

ማክሰኞ ኮሚቴው የተሰበሰበበት አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ታላቋ ሠርግ የምትሄድበትን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ወንበሯ ከጠረጴዛው ፊት ብቻውን ተቀምጧል፤ ዶክተሯ በስተግራ ከወረቀቶቿ ጋር ናት።

«እህቴ፣ አይፍሩ» አሉ አባ መጠን። በዚያ አዳራሽ እህቴ ያላት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «መመሪያው ጠርሙሱ መስታወት ይሁን ይላል። በፕላስቲክ የቀየረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም አላዘዘኝም። መስታወቱ እየተሰበረ ስላስቸገረኝ ነው። ፕላስቲኩ ለእጄ ቀለለኝ።»

ለዶክተሯ ነግረዋት ነበር ወይ አሏት፤ አልነገርኳትም አለች። ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማረች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚህ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቋት፤ አንሶላ አጥብ ነበር አለች። ከኋላ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። እስከዚህ ድረስ የተጠናው ነው። አባ መጠን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«የመጀመሪያውንስ ሙከራ?» አሉ፣ እንዲያው ለጨዋታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ያንን ዓለም ያወራለትን። የዚያንስ አይጦች የተንከባከበው ማነው?»

ይህኛው አልተጠናም። ታላቋ ግን ለዚህ ጥናት አላስፈለጋትም። አሥራ ሁለት ዓመት የጠየቃት አልነበረም። ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ብቻዬን። በኔ እጅ ያላለፈ አይጥ የለም።»

«ጠርሙሱንም ያጠቡት?»

«አንድ ሳይቀር።»

አባ መጠን ወደ አባላቱ ዞሩ። ያዘኑ ይመስሉ ነበር። መመሪያ ሳይጠይቁ ለእጃቸው የቀለለውን የሚያደርጉ ሰው፣ በሁለተኛው ሙከራ እንደዚያ አድርገው በመጀመሪያው አላደረጉም ብለን የምናምንበት ምክንያት አለን ወይ ብለው ጠየቁ። ምክንያት አለን ያለ አልተገኘም። ሁለቱም ሙከራዎች ዋጋ የላቸውም ማለት ነው፤ ይመዝገብ አሉ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ታላቋ የተባለው ሲገባት ወደ ታናሿ ዞረች፤ ታናሿ ትጽፋለች። ያኔ ያልታዘዘችውን አደረገች፤ ተነሥታ ቆመች።

«የመጀመሪያው እውነት ነው» አለች። «ሁለተኛውም ቢሆን እውነት ነው፣ ስላልገባችሁ ነው። ጓሮ አሥራ አንድ ነበሩኝ፤ ከመስታወት የጠጡ። እነሱ አልታመሙም። ዶክተሯ በአይኗ አይታቸዋለች።»

አባ መጠን በትሕትና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዶክተሯን ጠየቋት፤ እንደዚህ ያሉ አይጦች መዝገብ ላይ አሉ? ዶክተሯ ገጽ ገለጠች፣ ሌላ ገጽ ገለጠች።

«መዝገብ ላይ የሉም» አለች።

«እና አይጦቹ የት አሉ፣ እህቴ? ብናያቸው ደስ ይለናል።»

«ሞተዋል።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ማን ገደላቸው?»

ታላቋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«እኔ» አለች።

በዚህ ጊዜ ሳል አስመስሎ የሳቀ የለም፤ ሁሉም በግልጽ ሳቀ። አባ መጠን ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙና፣ አመሰግናለሁ፣ መሄድ ይችላሉ አሏት።

ቤት ስትደርስ ታናሿ ቀድማት ገብታ ነበር። ጋዋኗን ሳታወልቅ ሳሎን ቆማ ጠበቀቻት። ማን ሁሉንም እኔ ነኝ የነካሁት በይ አለሽ አለቻት። ሰውየው እኮ የጠየቀሽ ሊያጠምድሽ ነው፤ አላስታውስም ብትይ ምን ነበረበት? ታላቋ እውነት ስለሆነ ነው አለች። ታናሿ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ያቺ ደስ የምትል ሳቋ አይደለችም።

በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። በከባድ የሥራ ቸልተኝነት ይላል። ታላቋ ስድስተኛ ክፍልም ብትሆን ማንበብ ታውቃለችና እስከ ታች አነበበችው። የፈረመችው የቅርብ አለቃዋ ናት። ታናሿ ያንን ፊርማ በልጅነቷ የተለማመደችው በአንሶላ ማጠቢያው የተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር፤ ወረቀቱን እያጠራቀመች የምታመጣላትም እሷ ነበረች። ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ሸኛት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አለ። ከዚያ የተናገረው ነገር ከአይጥ እናትነቷ ጋር ሲያያዝበት ቀልድ የሆነ መስሎት አፈረና ይቅርታ ጠየቃት።

ኮሚቴው፣ ኬሚካሉ በጥቂት መጠን ጉዳት ስለማድረሱ በቂ ማስረጃ አልተገኘም የሚል መግለጫ አወጣ። ፋብሪካዎቹ መግለጫውን አሳትመው በየጡጦ መሸጫው ሰቀሉት። ወር ሳይሞላ ዶክተሯ የክፍል ኃላፊ ሆነች፤ ቀጥሎም የኮሚቴው አባል። ታላቋ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው። እሑድ ዕለት በአባ መጠን ቤት የተዋዋሉት ሌላ ነገር እንደነበረና እሷ ኩሽና ውስጥ ግማሹን ብቻ እንደሰማች ያኔ ገባት።

በዚያው ቀን ማታ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት።

«ሦስተኛው ሙከራ መቼ ነው?»

ታናሿ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳይንስ እንደ ልብስ ማጠብ እንዳልሆነ፣ ዛሬ ባይነጻ ነገ ደግመው የሚዘፈዝፉት ነገር እንዳልሆነ፣ ጊዜና ቦታ እንደሚያስፈልገው አስረዳቻት። ከውስጥ ሆኜ ቀስ በቀስ እለውጠዋለሁ አለቻት። ያቺ እናቶችን ያስለቀሰች ልጅ አሁን ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሲሰሙት የሚመርቅ ይመስላል።

ታላቋ ጠዋት የልብስ ሳጥኗን አወጣች። ታናሿ በሩ ላይ አግኝታት የት ትሄጃለሽ አላለችም። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች።

«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተይልኝ» አለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያሳደገቻት ልጅ የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። ለሰው ሞት አነሰው የሚሉ ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር አይተው ይሆናል።

ታላቋ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሥራ ፈለገች። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የስንብት ደብዳቤዋን ያዩ ሁሉ መለሷት። በመጨረሻ የወሰዳት ደብዳቤ የማይጠይቅ የሕፃናት ማቆያ ነው። ሥራዋ የጡጦ እጥበት ሆነ። ጠዋት የሚመጡ አርባ ጡጦዎች፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና አርባ፤ ሁሉም ያ ጥርት ያለው፣ ጠንካራው፣ በእጅ ሲይዙት የሚቀለው። ታጥበው ይቀቀላሉ፤ የፈላ ውሃ ይሞላባቸዋል፤ ዱቄት ወተት ይበጠበጥባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን የማቆያውን ባለቤት ጠርታ፣ የፈላ ውሃ ባይገባባቸው ይሻላል፣ ሲሞቅ የሚለቅ ነገር አለው፣ በመስታወት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው አለቻት። ባለቤቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ግድግዳው ላይ በመስታወት ፍሬም የተሰቀለውን መግለጫ አሳየቻት፤ ይኸው ተጣርቷል፣ ይቺ ዶክተር ራሷ በፊት ይጎዳል ስትል የነበረችው ናት፣ አሁን እሷም ፈርማበታለች አለቻት።

«እህቴ ናት» አለች ታላቋ። ለምን እንዳለችው አታውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት የያዘችው ነገር ነው፤ አምልጧት ወጣ።

ባለቤቷ የተላጠ እጇን፣ ሽርጧን፣ የተቀደደ የጎማ ቦቲዋን አየችና መነጽሯን እስክታወልቅ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞግዚቶቹ «የዶክተር እህት» ብለው ይጠሯት ጀመር። «የዶክተር እህት፣ ጡጦ አምጪ!» «የዶክተር እህት፣ ይኼ አልጠራም!» ይላሉ። እሷ አቤት ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ በራሷ ፈቃድ ታደርጋለች። ውሃው ከፈላ በኋላ ወደ ጡጦው ከመገልበጧ በፊት በብረት ድስት ውስጥ ታቆየዋለች። በክንዷ ትለካዋለች፤ በርዶ ለብ ሲል ነው የምትሞላው። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ሕፃናቱ ይርባቸዋል፣ ያለቅሳሉ፣ ሞግዚቶቹ ይቆጧታል፤ ዘገምተኛ ናት ተብላ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ለምን እንደምታቆየው ግን እስካሁን የጠየቃት የለም።